ቅቤ የላሰችው ሽጉጥ

ትከሻዬ ረጅሙን ጠመንጃ አልሸከምም ብሎ ሲያምፅ ጊዜ ነው ትንሿን ሽጉጥ በፈቃድ ያስመዘገብኩት። መዳፍ የማትሞላ፣ ኪሴ ውስጥ ከጥርስ መፋቂያዬ ጋር ተስማምታ የምታድር ነገር ናት።

ሰፈራችን ሐይቁ ዳር ሽንኩርት የሚያጠጣበት የውኃ ሞተር አለው። በአርዲቦ ሐይቅ በኩል ያሉ ዘመዶቻችን ሞተራቸው ተሰርቆ ማሳቸው ደርቆ ከቀረ ወዲህ የእኛን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ቅሬው፣ ቀብራችንንም ጠባችንንም የሚይዘው የሰፈሩ ማኅበር፣ "ጠባቂው አርጅቷል፣ እንተካው" እያለ ማንሾካሾክ ጀምሮ ነበር። በመጨረሻ የቅሬው ዳኛ ቁርጡን ነገሩኝ፦ "አዲሷን መሣሪያ ይፈትሹና ከጁምዓ ሶላት በኋላ ትታመን እንደሆነ ይንገሩን። ከታመነች ይቀጥላሉ።"

በእኛ አገር ሕፃን ሲወለድ ቅቤ ይልሳል። አባቴም የድሮ ጠመንጃውን በቅቤ ሲወለውል አይቻለሁ። ስለዚህ ከባለቤቴ ቅል ለጋ ቅቤ ዘገንኩና የሽጉጧን ሆድ ዕቃ ሳይቀር ቀባሁላት። "ክፉ አያገናኝሽ፤ ካገናኘሽም አታሳፍሪኝ" ብዬ መረቅኋት።

ባለቤቴ ደረሰችብኝ። "አንቱ ሰውዬ፣ እኔ ለራሴ የሰሰትኩትን ቅቤ ለብረት ታልሳላችሁ?"

"አራስ ናት" አልኳት።

ቀበሌው ፈቅዶልን፣ ከድሮ ወታደር ጓደኛዬ ጋር በአምባሰል በኩል ወዳለ የተተወ የድንጋይ ካባ ሄድን። እኔ መስጊድ፣ እሱ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ እንጂ ስድባችን አንድ ነው። አሮጌ ጀሪካን አቆመልኝ። የመጀመሪያዋን ተኮስኩ፤ ጮኸች። ሁለተኛዋ ላይ ባዶውን ቀለህ ሳትተፋ በመንጋጋዋ ይዛ ቀረች።

ጓደኛዬ ጥይቱን አራግፎ ፈታታትና ወደ አፍንጫው አስጠጋት።

"በግሸኗ! ይህ ሽጉጥ ነው ወይስ ዶሮ ወጥ?"

"ወግ ነው ብዬ..."

"ቅቤው አቧራውን አቡክቶታል። ሌላ ጊዜ በርበሬም ጨምርበት!"

በጨርቅ አድርቆ የመሣሪያ ዘይት ጠብ ጠብ አደረገባትና መለሰልኝ። "አዲስ መሣሪያ እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ እስኪላመድ ታገሠው" አለኝ። ታገሥኩ። ትንሽ ተኩሳ እንደገና ያዘች። ፋብሪካውን ረገምኩ። ጥይት ቀየርን፤ ያዘች። ጥይቱን የሠራውንም ረገምኩ።

"እስቲ አምጣት" አለና ተቀበለኝ። ካዝናውን ሙሉ ባንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ቀለሁ እንደ ቆሎ እየፈነጠረ ድንጋዩ ላይ ተበተነ። እንደገና ሞልቶ ደገመው፤ ምንም አላለች። ሰጠኝ፤ እኔ እጅ ላይ ያዘች።

ያኔ መቀለዱን ተወ። የእጄን አንጓ ጨበጠና "እዚህ ጋ ነው" አለኝ። "ትንሽ መሣሪያ ስትተኩስ ትራገጣለች። እጅህ ጸንቶ ካልደገፋት አብሯት ይሸሻል፤ ላይዋ ያለው ብረት ወደ ኋላ የሚሄደውን መንገድ ሳይጨርስ ቀለሁን አንቆ ይቀራል።"

እጄን አየሁት። በሬ ጠምዷል፣ ታንኳ ቀዝፏል። ከዓምና ጀምሮ ለውዱእ ውኃ ስቀዳ ማንቆርቆሪያው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔ ግን እጀታው ላልቷል እያልኩ ሁለት ጊዜ አስበይጄዋለሁ። በያጁ ሰው ምንኛ ስቆብኝ ይሆን።

ስንመለስ ጓደኛዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሽጉጧ ትታመናለች በላቸው" አለኝ። "የጠየቁህ ስለ እሷ ነው። ውሸት የለበትም።"

እውነቱን ነበር። መንገዱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ሄድኩ፤ ቤት ስደርስ ደስታው አልነበረም።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ቅሬው ተሰበሰበ። "እህ፣ መሣሪያዋስ?" አሉ ዳኛው።

"ወላሂ ትታመናለች።"

ራሶች ተነቀነቁ። እዚያ ላይ ብዘጋው አልቆ ነበር። ግን የአርዲቦዎቹ ሽንኩርት መሬት ላይ ተኝቶ ዓይኔ ላይ መጣብኝ፤ ቅጠሉ ገለባ የመሰለው። ደግሞ ሌባው መጥቶ፣ እኔ ጨለማ ውስጥ የተነከሰ ቀለህ በጥፍሬ ስጎረጉር ታየኝ።

"እሷስ ትታመናለች" አልኩ እጄን አንስቼ። "የማይታመነው ይኸኛው ነው።"

እጄን ማውረዱ ራሱ አሳፈረኝ። ጓደኛዬ ከኋላ ተነሣ።

"እኔ በረጅሙ ጠመንጃዬ እጠብቃለሁ። እሱም ባትሪ ይዞ አጠገቤ ይቀመጥ። እጁ ቢከዳውም አፉ ከሽፎ አያውቅም፤ አንዴ ከጮኸ ከሐይቁ ማዶ ያለው ሁሉ ይነሣል።"

ሳቁ ከእኔ ጀመረ መሰለኝ። ዳኛውም በዚሁ መረቁን።

ሽጉጧ አሁን ደርቃ፣ ጸድታ ሣጥን ውስጥ ተቀምጣለች። አንጓ የሚጠነክረው በመጭመቅ ነው ብሎ ጓደኛዬ ስለመከረኝ ባለቤቴ አጋጣሚውን አላሳለፈችውም፤ የቤቱን ልብስ ሁሉ እኔ ነኝ የምጨምቀው። ጋቢውን ጠምዝዤ ጠምዝዤ ስሰጣት ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ ትይዝና ትጠብቃለች። እኔም አብሬያት እጠብቃለሁ።

ጠብ ይላል።

"ገና ናችሁ" ትለኛለች፤ መልሳ ትሰጠኛለች።