ስፒሉ ያልወጋኝ ሰሞን

የጀመረው ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አሌክሳንድሪያ በሚገኝ አንድ ላውንደሪ ደንበኞች በሚያመጡት ልብስ ላይ ቁጥር በስፒል አያይዝ ነበር። አንድ ነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ደም አየሁ። የማን ነው ብዬ ፈለግሁ። የእኔ ነበር። ስፒሉ አውራ ጣቴ ላይ ተሰክቷል። አልተሰማኝም።

ቆይቶ እግሬም ደነዘዘ። ስራመድ ጥጥ የምረግጥ ይመስለኝ ነበር። ጾሙ ነው አልኩ። እናቴ ከታመመች ጀምሮ፣ እስክትድን ብዬ፣ ሥጋም ወተትም እንቁላልም ትቼ ነበር። ሦስት ዓመት አልፎኛል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ስለት አይወራም።

ሌሎች ሸሚዞችም ደም ሲነካቸው ሥራውን ለቀቅሁ። ያስቀጠሩኝ እዚያው ልብስ የሚሰፉት ጋሼ ሙሉጌታ ናቸው። በእኔ እንዲወቀሱ አልፈለግሁም። ለላውንደሪው ባለቤት በራሴ ፈቃድ ነው አልኳት።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ምን እንደምበላ ጠየቀኝ። ሁሉንም አልኩ። ድካምና ጭንቀት ነው ብሎ ሸኘኝ።

የሥራ አጥ ድጎማ ጠየቅሁ፤ ያለ በቂ ምክንያት በፈቃዷ ለቃለች ተባለ። ይግባኝ አልኩ፤ በስልክ ተሰማ። ያስገደደሽ አለ? የለም። የሐኪም ማስረጃስ? የለም። ይግባኙ ውድቅ ሆነ። አላለቀስኩም። ሲልቨር ስፕሪንግ የተከራየሁትን ክፍል ልለቅ ዕቃዬን ማሸግ ጀመርኩ።

አውቶቡስ ስሳፈር ወደቅሁ። ጋሼ ሙሉጌታ ሰምተው ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ። ሐኪሟ ጥያቄዋን ነጣጠለችው። "ሥጋ መጨረሻ የበላሽው መቼ ነው? ወተትስ? እንቁላልስ?"

እንደ ፊተኛው ሁሉንም እበላለሁ ልል ጀመርኩ። ጋሼ አዩኝና "ልጄ፣ ከሐኪም ደብቀሽ ማን ያድንሻል?" አሉኝ። ነገርኳት።

የደም ምርመራው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የሚገኘው ቫይታሚን ቢ ትዌልቭ እንደጎደለኝ አሳየ። "ነርቮችሽ ተጎድተዋል። ይህ ከብዙ ወራት በፊት የጀመረ ነው፤ ሥራ ላይ ሳለሽ ታመሽ ነበር" አለች። በሩ ላይ ከደረስኩ በኋላ ተመልሼ ይህንኑ በጽሑፍ እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት።

የቫይታሚኑን መርፌ እየተወጋሁ፣ የሐኪሟን ወረቀት አያይዤ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ አመለከትኩ፤ ጉዳዩም ተከፍቶ በስልክ ተቀጠርን። ይግባኝ ሰሚው ለምን ቀድሜ እንዳልተናገርኩ ሲጠይቀኝ፣ መታመሜን እኔም አላውቅም ነበር አልኩት። ከዚያ ጋሼ ሙሉጌታ ስልኩን ተቀበሉ፤ አስተርጓሚ አልፈለጉም።

"ደሙን በቀዝቃዛ ውሃ ያጠብኩት እኔ ነኝ" አሉ። "እጇ እንደማይሰማት አይቻለሁ። እንዳታፍር ብዬ ዝም አልኩ።"

እሳቸውም ለእኔ፣ እኔም ለእሳቸው ብለን ስንደብቅ ከርመናል።

የቀድሞው ውሳኔ መሻሩንና ድጎማው መፈቀዱን የሚገልጸው ደብዳቤ ማክሰኞ ደረሰኝ። ደስታ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ዕቃዬን ግን ከካርቶን አወጣሁ። ለእናቴ ደውዬ ሁሉንም ስነግራት "በእኔ ስም ማን ሙቺ አለሽ?" ብላ ተቆጣችኝ፤ የንስሐ አባቴም እስክትድኚ ረቡዕና ዓርብም አትጹሚ ብለው ፈቅደውልኝ ነበር። ሐኪሟንና ጋሼ ሙሉጌታን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናንተም ጣታችሁ ቢደነዝዝ፣ መጾማችሁን ለሐኪም ንገሩ፤ ውዳሴ ከንቱ አይሆንባችሁም። ከሥራ ስትለቁም ያመማችሁን ነገር ተናግራችሁ ልቀቁ።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። እንቁላል ቀቀልኩ። ከፈላው ውሃ አውጥቼ ልልጠው ያዝኩት። አቃጠለኝ። ቶሎ አላስቀመጥኩትም።