አንቺ ለኔ ልጅ፣ እኔ ላንቺ ልጅ

መጋረጃ ሰፊዋን ሰፈሩ «ድንግጥ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው ነው። በር ሲንኳኳ፣ ስልክ ሲጮኽ፣ ድመት ጣራ ላይ ስትዘል መቀሷን ጥላ ደረቷን ትይዛለች። እሷም ስሙን አልጠላችውም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለች የስፌት መኪናዋን መርገጫ ትረግጣለች። ባሏ በሕይወት ሳለ «አንቺ እኮ ደስታ እንኳ ሲመጣ ማን ልኮት ነው ብለሽ ትጠይቂያለሽ» ይላት ነበር። እውነቱን ነው።

እምነቷም በስጋት የተቀመቀመ ነው። ሶላቷን አታሳልፍም፤ ሰግዳ ስትነሳ ግን «ልክ ሰገድኩ ይሆን?» ብላ ትጨነቃለች። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ለቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ የሚሆን መጋረጃ ስፊልን ብለው መጡ። ብሰፋ አላህ ምን ይለኛል ብላ ፈራችና ሥራውን ለሌላ ልብስ ሰፊ አሳለፈችው። ከዚያ ደግሞ ሰውየውን አስቀየምኳቸው ይሆን፣ የሰው ቅያሜስ ከአላህ ያጣላኝ ይሆን እያለች ሰነበተች። በሁለቱም በኩል መፍራት የምትችል ሴት ናት። ለዚህም ቢሆን ተሰጥኦ ያስፈልጋል።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ አንድ ቀን ፍርሃቷ እውነት ሆኖ መጣ። አንድያ ልጇ ተራ ቁርጠት ነው ብላ ችላ ያለችው ትርፍ አንጀት ሆዷ ውስጥ ፈነዳ። ሐኪሞቹ ቀደው አጠቡላት፤ መርዙ ግን ደሟ ውስጥ ገብቷልና ትኩሳቱ አልበርድ አለ። «መድኃኒቱ ከያዘላት ትድናለች፤ ጠብቁ» አሉ። ድንግጥን ጠብቂ ማለት እሳት ላይ የተጣደን ውሃ አትፍላ እንደ ማለት ነው።

ቀዶ ሕክምናው ጋ፣ በሴቶቹና በወንዶቹ ክፍል መካከል ባለው መተላለፊያ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው ድሮ ነጭ ነበር። በሴቶቹ በር ላይ የተንጠለጠለው መጋረጃ ቅምቅማቱ ተተርትሮ ክሩ መሬት ይጎተታል። ድንግጥ ያንን ክር እያየች መቀመጥ አቃታት። ከቦርሳዋ መርፌ አውጥታ፣ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላ መቀምቀም ጀመረች።

«እትዬ፣ ምን እየሠሩ ነው?» አለች ነርሷ ከላይዋ ቆማ።

«ተተርትሮ ነው፣ ሲስተር። ሰው እንዳያደናቅፍ ብዬ።»

«ይተዉት እንጂ! የሆስፒታል ንብረት እኮ ነው።»

ድንግጥ ደንግጣ መርፌው ጣቷን ወጋት። አግዳሚው ላይ የተቀመጠች ሴት ሳቋ አመለጣትና «ከጠባቂዎቹ ውስጥ ሥራ የያዘች አንቺ ብቻ ነሽ» አለች። አንገቷ ላይ ቀጭን መስቀል አስራለች፤ ክንዶቿ የምድጃ ጠባሳ አለባቸው፤ ጥፍሯ ሥር ሊጥ ደርቋል። ዳቦ ጋጋሪ ናት። ልጇ ቤት ቀለም ሲቀባ ከመሰላል ወድቆ ራሱን ተመትቷል። አንዳንዴ ዓይኑን ገልጦ «እማ» ይላታል፤ አንዳንዴ እናቱን እንደማያውቃት ሰው ያያታል።

ሁለቱ ሴቶች ዳቦና ሻይ መካፈል ጀመሩ። ድንግጥ በየመሃሉ መዳፏን ዘርግታ «ያ አላህ፣ ልጄን…» ትላለች። እዚያ ላይ ቃሉ ይጠፋታል። መዳፏን ታጥፋለች፤ እንደገና ትዘረጋለች።

«ልጠይቅሽ እህቴ» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «ትጀምሪና ታቋርጫለሽ። ምነው?»

«አፌ ይያዛል። ልጄን ብዬ ስጀምር ተገንዛ ነው የምትታየኝ።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ወደ እሷ ዞረች። «እኔም እኮ! መቁጠሪያዬን ይዤ እቀመጥና ገና ሳልጀምረው ለቀስተኛ ቤቴን ሞልቶ ይታየኛል። ለሰው ስለምን ግን አፌ ይፈታል። ትናንት እግራቸው ለተቆረጠው ሽማግሌ ስለምን እንደ ውሃ ነው የወረደልኝ።» ጥቂት አሰበች። «ለምን አንለዋወጥም?»

«ምኑን?»

«ጸሎቱን። አንቺ ለኔ ልጅ፣ እኔ ላንቺ ልጅ። አንቺ በእምነትሽ፣ እኔ በእምነቴ። የራስን መንካት ግን የለም። የራስሽን ከነካሽ ያ ፍርሃት ተመልሶ ይመጣል። ሁለቱም ቤታቸው እስኪገቡ።»

«አላህ እንዲህ ያለውን ይቀበላል?»

«እኔ እንጃ። እኔ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ።»

ድንግጥ ሳታስበው ሳቀች። ተጨባበጡ።

ያን ለት መግሪብን መተላለፊያው ጥግ ሰገደችና ለቀለም ቀቢው መዳፏን ዘረጋች። ቃሉ መጣ። አጥንቱን እንዲጠግንለት፣ አእምሮውን እንዲመልስለት፣ እናቱን እንዲያውቃት፣ ዳግመኛ መሰላል ላይ ሲወጣ እግሩን እንዲያጸናለት ለመነች፤ ያላሰበችውን ሁሉ ለመነች። ስትጨርስ ትከሻዋ ቀሎ አገኘችው። ያኔ አንድ ነገር ገባት፤ ገብቷትም አፈረች። ዕድሜዋን ሙሉ ለልጇ ስትለምን የምትነጋገረው ከፍርሃቷ ጋር ነበር። ከአላህ ጋር ስትነጋገር ይህ የመጀመሪያዋ መሰላት፤ ያውም በማታውቀው ሰው ልጅ ምክንያት።

ሰላሟ ወንድሟ እስኪመጣ ብቻ ቆየ። ወንድሟ የሸክላ ንጣፍ ነጋዴ ነው፤ ታናሿ ቢሆንም ከእሷ ቀድሞ ሸምግሏል። ለበሽተኛዋ ቅያሪ ልብስ ይዞ መጣ። ድንግጥ ነገር በሆዷ አያድርምና ስለ ውሉ ነገረችው። አልተቆጣትም፤ ክፉ ሰው አይደለም። ልብሱን እያጣጠፈ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

«እትዬ፣ ለሰው ልጅ ዱዓ ማድረግሽ መልካም ነው። ግን የራስሽን ልጅ ለማታውቂያት ሰው መስጠትሽ… የእኛ ዱዓ አይበቃም ብለሽ ነው? እናቷ ያልለመነችላትን ማን ይለምንላታል?»

የመጨረሻዋ ቃል ወሽመጧን ቁርጥ አደረገችው። ከሄደ በኋላም ቃሉ አግዳሚው ላይ አብሯት ተቀምጦ ቀረ። ልጄን አሳልፌ ሰጠኋት፤ ብትሞትብኝ አላህ «ያኔ የት ነበርሽ?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? እንዲህ እያለች አነጋች። ሱብሒን እንደሰገደች መዳፏን ዘረጋችና ለልጇ ብቻ ለመነች። ቃሉ ይሰበራል፤ መግነዙ ይታያታል፤ ግን አጥብቃ ያዘችው። ቀለም ቀቢው ትዝ ሲላት «ለእሱ በኋላ» ብላ አለፈችው።

ጠዋት የልጇ ትኩሳት ለቀቃት። ሐኪሙ ፈገግ አለ። ድንግጥ እንኳን ልትደሰት ትንፋሿን ሳትሰበስብ፣ ከወንዶቹ ክፍል አንድ አልጋ እየተገፋ በሩጫ ወጣ። ቀለም ቀቢው ነው። አፍና አፍንጫው ላይ ኦክስጅን አድርገውለታል። ዳቦ ጋጋሪዋ አንድ ጫማዋ ወልቆ ከኋላ ትሮጣለች። ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቡትና በሩን ዘጉባት።

ከቀትር በኋላ ተመልሳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው ብለዋታል። የመጀመሪያ ቃሏ ግን «ያንቺዋስ?» ሆነ።

«ትኩሳቱ… ለቀቃት» አለች ድንግጥ መሬት መሬቱን እያየች።

«ተመስገን! ሌሊቱን ሙሉ ለእሷ እኮ ነው ስለምን ያደርኩት!» ብላ አማተበችና አቀፈቻት። እርሾ እርሾ ትሸታለች። ድንግጥ እቅፏ ውስጥ እንደ እንጨት ደርቃ ቀረች።

አላህ ከአንዱ ቀምቶ ለሌላው የሚሰጥ አይደለም፤ ይህን ታውቃለች፤ ለልጇም ደጋግማ ያስተማረችው እሷ ናት። ፍርሃት ግን የሚያውቁትን አይሰማም። ሁለቱ ልጆች አንድ ብርድ ልብስ የለበሱ ይመስል፣ ወደ ልጇ ስትስብ የሌላው እግር የተራቆተ መሰላት። በቀጠሉት ቀናት ለቀለም ቀቢው ልትለምን ሞከረች፤ አሁን ደግሞ ለእሱም አፏ ተያዘ። ስትጀምር እሱ ተገንዞ ይታያታል። ዳቦ ጋጋሪዋ ስትመጣ ውሃ ልቅዳ፣ ልጄን ላገላብጥ እያለች ትሸሻለች። ያቺ ደግሞ ደክሟት ነው ብላ ዳቦ ታስቀምጥላታለች። ያንን ዳቦ መዋጥ እንዴት ያለ ጭንቅ ነበር!

ልጅቱ እንድትወጣ የተፈቀደ ቀን ወንድሟ መኪናውን በር ላይ አቆመ። ልጅቱ ክንዱን ይዛ፣ ቀስ እያለች በመተላለፊያው መጣች። ዳቦ ጋጋሪዋ አግዳሚው ላይ ነበረች፤ ብድግ ብላ ጉንጯን ስማ መረቀቻት። አሁን «ደህና ሁኚ» ብሎ መውጣት ብቻ ነው የቀረው። ማንም አያውቅባትም። ድንግጥ እስከ ደረጃው ሄደች፤ እግሯ አልወርድ አላት። ተመልሳ መጣች።

«ሰርቄሻለሁ» አለቻት።

«ምን?»

«ልጅሽ የባሰበት ዕለት፣ ንጋት ላይ፣ ያንቺን ትቼ ለእኔዋ ለመንኩ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ሆነብኝና ለልጅሽ ፍርፋሪ እንኳ አልተውኩም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ለእሱም አፌ ተያዘ። ይኸው ነው።»

የዳቦ ጋጋሪዋ ፊት ቀስ በቀስ ጠቆረ። «ለምን ነገርሽኝ?» አለች። «ልጅሽን ይዘሽ አትሄጂም ነበር? እኔ አሁን ይህን የት ላድርገው?» አግዳሚው ጫፍ ላይ ሄዳ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን መሃላቸው አኖረችው።

ወንድሟ ሁሉንም ሰምቷል። «እኔ ነኝ ያስፈራሁሽ፣ እትዬ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እኔን ለማስፈራት ሰው አያስፈልግም፤ ራሴ እበቃለሁ። ልጄን ውሰድልኝ። እኔ ያልጨረስኩት ሥራ አለ።»

ልጅቱ እናቷን አየች፣ ቦርሳውን አየች፤ ምንም ሳትጠይቅ ከአጎቷ ጋር ወረደች። ድንግጥ ተቀመጠች። መዳፏን ዘረጋች። አጠፈች። እንደገና ዘረጋች። በጽኑ ሕሙማኑ በር አንዲት ነርስ ወጥታ ተመልሳ ገባች፤ ሁለቱም ሴቶች ትንፋሻቸውን ያዙ።

«አልመጣልሽም?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ ፊቷን ሳታዞር።

«አልመጣልኝም። ስጀምር ያው መግነዙ ነው።»

«እንግዲያ የራስሽ ልጅ ሆኗል ማለት ነው።»

ዳቦ ጋጋሪዋ አሁንም ግድግዳውን እያየች ቀጠለች። «እኔ ለእሱ አንድም ቀን አልለመንኩም። ታውቂያለሽ? የራስን መንካት የለም ተባብለን የለ? ስንቴ ከአፌ መለስኩት። የእሱ ነገር አንቺ ጋ ነው ብዬ ነው።»

«አንቺ እኮ እናቱ ነሽ!»

«ቃል ሰጠሁ። ያንቺዋም ቤቷ እስክትገባ አላቆምም፤ ገና መንገድ ላይ ናት።» ድምፅዋ ተሰበረ። «እሱ ሌላ የለውም። ካንቺ በቀር የሚለምንለት የለም።»

ቦርሳዋን ከመሃል አነሳችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «እየፈራሽም ቢሆን በይ።»

ድንግጥ ጠጋ አለች። ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ። መዳፏን ዘረጋች።

«ያ አላህ፣ ልጄን…» አለች፤ መግነዙም ታያት። አላቋረጠችም።