የእትዬ ሙሉ ባሕር

ልጅ እያለሁ ሆቴል ማለት የእናቴ መሥሪያ ቤት ማለት ነበር። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲያትል አጠገብ ባለችው ሬንተን ሲሆን፣ እሷ ቡሪየን፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ክፍል ታጸዳ ነበር። ከሥራ ስትመለስ እጆቿ በረኪናና የታጠበ አንሶላ ይሸቱ ነበር። ስለዚህ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ጣሊያን አገር ሄደን፣ ባሕሩ ዳር ባለ ትንሽ ቢጫ ሆቴል ውስጥ በእንግድነት ስናርፍ ሁለታችንም አላወቅንበትም።

የሄድነው ሊጉሪያ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ወደምትኖረው ወደ አክስቴ ወደ እትዬ ሙሉ ነበር። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች እናቴን ያሳደገቻት እሷ ናት። እናቴ ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ስትገባ፣ እትዬ ሙሉ ደግሞ ለሰው ቤት ሥራ ጣሊያን ሄደች፤ በኋላም የዚያ ሆቴል ምግብ አብሳይ ሆነች። ከተለያዩ አሥራ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። እናቴ ዜግነቷን እንዳገኘች እህቷን ወደ ሲያትል ለማምጣት ቆርጣ ተነሳች። ቅጾቹን በቦርሳዋ ይዛለች፣ ቤታችንም አንድ ክፍል ተቀብቶ ተዘጋጅቷል። በስልክ በጠየቀቻት ቁጥር ግን መልሱ አንድ ነበር፤ «እስቲ እናያለን።»

እናቴ እንግዳ መሆን አልሆንላት አለ። ጠዋት ጠዋት አልጋዎቹን አንጥፋ፣ መታጠቢያ ቤቱን ወልውላ ትጠብቃለች። የምታጸዳው ልጅ በሩን ከፍታ የሚሠራ ነገር ስታጣ እየሳቀች ትመለሳለች። እትዬ ሙሉ ይህን ሰምታ ተቆጣች።

«ታዱ፣ አንድ ሳምንት እንኳን እጅሽን አሳርፊ እንጂ!»

«ሰው አልጋዬን ሲያነጥፍልኝ አፍራለሁ፣ እትዬ።»

ምሳ ከተነሳ በኋላ አክስቴ ሽርጧን አውልቃ ታዞረን ነበር። በትንሹ ባቡር እንሄዳለን። ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ሲገባ ሁሉም ነገር ይጨልማል፤ ሲወጣ ባሕሩ መስኮቱ ላይ ቦግ ይላል፤ እኔ በየጊዜው እጮሃለሁ። ሮዝና ቢጫ የተቀቡ ቤቶች፣ ከመስኮት መስኮት የተሰጣ ልብስ፣ ከምድጃ የወጣ ዘይት የጠገበ ዳቦ፣ ከግንብ አጥር በላይ የሚሸት ሎሚ፤ ሁሉም ዛሬም ዓይኔና አፍንጫዬ ላይ አለ። ከሁሉ የገረመኝ ግን አክስቴ ናት። በስልክ ድምጿ የማይሰማው ሴትዮ፣ እዚያ ዓሣ ሻጩን በሁለት እጇ እያወራች ትከራከረው ነበር። በየበሩ «ሙሉ! ሙሉ!» ይሏታል። እናቴ ከኋላ ቆማ ታያታለች።

በአራተኛው ቀን በጀልባ አሮጌ ገዳም ወዳለበት ሥፍራ ሄድን። ከሰዓት ላይ ነፋስ ተነሳና ጀልባዎቹ ሥራ አቆሙ፤ ያለን አማራጭ በተራራው መንገድ በእግር መመለስ ሆነ። ወደ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። እናቴ ያደረገችው ተረከዝ ያለው ጫማ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ጥድ ሥር ዘጭ ብላ ተቀመጠችና፣ ቀኑን ሙሉ የያዘችውን አወጣችው።

«እትዬ፣ ከኛ ጋር ኑሪ። እዚህ ማን አለሽ? ብትታመሚ ማን ውሃ ያቀብልሻል?»

አክስቴ ከታች ወደሚታዩት ቤቶች ጠቆመች። «ያቺን ቀይ ጣራ ታያለሽ? ባለፈው ክረምት ሳንባዬን ታምሜ ስተኛ ሾርባ ያመላለሰችልኝ ሴት እዚያ ናት።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። «መጀመሪያ አንቺን አሳደግሁ። ከዚያ የሰው ልጆች አሳደግሁ። እኔ ምን እንደምወድ የማውቅበት ጊዜ አልነበረኝም። እዚህ ነው ያወቅሁት። አልመጣም፣ ታዱዬ።»

እናቴ አለቀሰች። እኔ ላለማየት የጥድ ፍሬ ለቀምኩ። ቀና ስል እትዬ ሙሉ ተንበርክካ የእናቴን ጫማ እያወለቀች ነው። የራሷን ሸራ ጫማ አደረገችላትና የእናቴን ተረከዛም ጫማ ራሷ አድርጋ፣ እጇን ዘርግታ እየተንገዳገደች ቁልቁለቱን ተያያዘችው። እናቴ መሳቅ አልፈለገችም፤ ግን አመለጣት። እየሳቁ ተቃቅፈው ወረዱ።

በማግሥቱ ልጅቷ ለጽዳት ስትመጣ አልጋው እንደተዘበራረቀ ነበር። እኛ ባሕር ውስጥ ነበርን። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ውሃ ገብታ የማታውቀው እናቴ በጀርባዋ ተንሳፍፋለች፤ እትዬ ሙሉ ከሥር በመዳፏ ደግፋት፣ «ይዤሻለሁ፣ ዘና በይ» ትላታለች፤ ልክ ለሕፃን እንደሚባለው።

አሁን እኔ እናቴ ያኔ በነበረችበት ዕድሜ ላይ ነኝ። ባለፈው በጋ እትዬ ሙሉ ለሦስት ሳምንት ልትጠይቀን ሲያትል መጣች። አልካይ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ወስደናት እግሯን ውሃው ውስጥ ብታገባ፣ «ኧረ ይሄ ባሕር ነው ወይስ ፍሪጅ!» ብላ ዘልላ ወጣች። ልጄ በእንግሊዝኛ «ለምን እዚህ አትኖሪም?» ስትላት፣ አክስቴ ሳትመልስ እናቴ ቀደመች፤ «ሥራ አላት እኮ፣ ደግሞ ጓደኞቿ ይጠብቋታል።»

ያኔ ጣሊያን ስንለያይ እናቴ የእህቷን እጅ አልለቅ ብላ ባቡሩ ሊያመልጠን ነበር። በኋላም ለዓመታት ስለ እህቷ ስታወራ «እዚያ ሰው አገር ቀርታ» ነበር የምትለው። በዚህኛው ጊዜ ግን ኤርፖርት ራሷ ነድታ አደረሰቻት፣ ሻንጣዋን አወረደች፣ ስማት ተመለሰች። በማግሥቱ ስልኳ ጮኸ። አውርታ ስትጨርስ ወደኔ ዞር አለችና፣ «እትዬ በሰላም ቤቷ ገባች» አለችኝ።