የአባቴ መኪና በር

አባቴ መኪናውን ሊሸጥ የወሰነው ሰው ፊት ስላፈረ ነው። የሹፌሩ መስኮት መውረድ ካቆመ ሰንብቷል። ባለፈው አርብ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የበሩ ቁልፍ ተቆልፎ ቀረ፤ በእጅ የሚነሳው ጫፉ ከተሰበረ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ጡረታ የወጣው የባቡር ጥገና ባለሙያ አባቴ ሽርጡን ሰብስቦ፣ መስጊዱ በር ላይ፣ በተሳፋሪው ወንበር በኩል እየዳኸ ወጣ። ሊረዳው ያልተሯሯጠ አልነበረም፤ እሱን ያበሸቀውም ይሄ ነው። ቤት እንደገባ ደላላ ጠራ።

"አቦ ትሂድ" አለኝ በስልክ። "ነገ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ መጥቶ ያያታል።"

ድምፁ አስፈራኝ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ አባቴን ከቤት የምታወጣው ያቺ መኪና ናት። እግሩን ታሞ ሦስት ወር ቤት የዋለ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ቁርሱን በልቶ ግድግዳ ሲያይ ይውል ነበር። መኪናዋ ከሄደች ያ ሰውዬ ተመልሶ ይመጣል፤ ያንን ሰውዬ ደግሞ አልወደውም።

እኔ ቬንትሌተር ጠጋኝ ነኝ። በድሬ ሙቀት በዚህ ሥራ የተራበ የለም። የመኪና ሽቦ ግን ነክቼ አላውቅም። ቢሆንም የመፈተሻ አምፖል አያያዝ ያስተማረኝ ራሱ አባቴ ነውና፣ ቅዳሜ ጠዋት ካቻቢቴዬን ይዤ ሳቢያን ሰፈር ወደ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ።

"የመስኮቱ ሞተር ነው የሞተው፣ አትልፊ" አለኝ ከጥላው ሆኖ።

"እስቲ ልየው አባ።"

የበሩን ሽፋን ከውስጥ ፈትቼ የቁልፉን ዘንግ በእጄ ስስብ በሩ ተከፈተ። ሞተሩን በቀጥታ ከባትሪ ጋር ሳገናኘው መስታወቱ ሰተት ብሎ ወረደ። አባቴ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። ፊውዙም ደህና ነው። አምፖሉን ወደ በሩ በሚመጣው ሽቦ ላይ ሰክቼ በሩን ሳወዛውዝ፣ ገርበብ ሲል በራ፣ ሲዘጋ ጠፋ። በበሩና በመኪናው አካል መካከል ያለውን የጎማ ቱቦ ገልጬ አየሁ። የመስኮቱም የቁልፉም ሽቦዎች እጥፋቱ ላይ ተበጣጥሰዋል።

በእናቴ በኩል ያለውን በር ብፈትሽ ሽቦው እንደ አዲስ ነው።

"ይሄኛውን ብቻ ምን ነካው?" አልኩ።

"ምን ይነካዋል?" አለች እናቴ ሽንኩርት እየላጠች። "ከዚህ ቀፊራ ገበያ እስክንደርስ አባትሽ አስር ጊዜ ከመኪና ይወርዳል። ሽማግሌ ካየ ቁጭ ብሎ ሰላም አይልም፣ ወላሂ። ወርዶ፣ እጅ ተሳስሞ፣ የልጅ ልጅ ሳይቀር ጠይቆ ነው የሚመለሰው። ገበያው እስኪበተን።"

"ታዲያ ትልቅ ሰው በመስኮት ላናግር?" አለ አባቴ።

ሳቄ መጣ፤ ዓይኔም እርጥብ አለ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦውን የበጠሰው አክብሮት ነው ብዬ ለየትኛው ጠጋኝ ልንገር? የተበጠሰውን ሁሉ ቀጠልኩ፣ በየድኩ፣ በናስትሮ ጠቀለልኩ። ልጅ ሆኜ እኔ እይዝለት እንደነበረው፣ አሁን እሱ አምፖሉን ያዘልኝ።

ደላላው በሰዓቱ መጣ። ጠና ያለ ሰው ነው። አባቴ ሹፌር ወንበር ላይ ሆኖ መስታወቱን ለስንተኛ ጊዜ ያወጣና ያወርዳል። አሁንስ በመስኮት ያናግረው ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። አባቴ ግን በሩን ከፍቶ ወረደ፣ እጁን ሳመው፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀው፣ ከዚያ በኋላ ነው መኪናዋ እንደማትሸጥ የነገረው።

ሽቦውን ስቀጥል፣ በሩ ደጋግሞ ሲከፈት እንዳይወጠር፣ አንድ ስንዝር ትርፍ ትቼለት ነበር።