ሁለት ፍየል ለአንድ እርቅ

አባቴና ታናሽ ወንድሙ ሁለት ዓመት ሙሉ ተኳርፈው የኖሩት አንዱ ሲያስለው ሌላው በሚሰማበት ርቀት ላይ ሆነው ነው። ቤታቸውን የሚለየው ሁለት የሽንኩርት ማሳና በመሀል የሚወርደው የመስኖ ቦይ ብቻ ነበር። ሁለቱም ስልክ አላቸው። አባቴ የራሱን አቧራ እንዳይገባበት በፌስታል ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይይዘዋል፤ የወንድሙንም ቁጥር አላጠፋውም። ብቻ አይደውልም።

ጠቡ የተነሳው በውሃ ነው። በእኛ ሰፈር ማሳ የሚጠጣው በተራ ነው። ተራው ደርሶ ቦዩ ዳር ያልተገኘ ሰው ውሃው ያልፈውና ቀጥሎ ላለው ይሰጣል። ካቻምና ህዳር አንድ ቀን ማለዳ የአጎቴ ተራ ደረሰ፤ አጎቴ ግን አልመጣም። ቀጣዩ ተረኛ አባቴ ነበር። ትንሽ ጠበቀና ውሃውን ወደ ራሱ ማሳ መለሰው። ለካ አጎቴ የታመመች ልጁን ይዞ ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ወርዶ ኖሯል። በቆላ ፀሐይ አንድ ተራ ያለፈው ችግኝ አይተርፍም፤ የእሱም አልተረፈም። ቦዩ ዳር፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አባቴን "የውሃ ሌባ" አለው። ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም።

ይሄ ሁሉ የእኔ ጉዳይ የሆነው ለጥር ሠርጌ ሲቆረጥ ነው። አባቴ "ወንድሜ አጠገቤ ሳይቆም ልጄን አልድርም" አለ። እናቴ "እንግዲያው ሄደህ ጥራዋ" ስትለው "እሱ ነው የሚመጣው" ብሎ ድርቅ አለ። አጎቴም በበኩሉ "ያልጠራኝ ሠርግ አልሄድም" ይላል አሉ። ከምኖርበት ከሸዋ ሮቢት በመጣሁ ቁጥር ሁለቱም ቤት እየገባሁ ስለምበላ ሁለቱንም እሰማለሁ። ግን በእኛ አገር የምትዳር ልጅ የታላላቆቿን ነገር አታመላልስም፤ ዝም ብዬ እሰማ ነበር።

በመጨረሻ ሽማግሌ ተላከ። አንደኛው የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ሁለተኛው ድሮ ጀውሃ ላይ ሱቅ የነበራቸው፣ ከአያቴ ጀምሮ ጎረቤታችን የሆኑ ሐጂ። ማለዳ መጥተው ደጅ ይቆማሉ፤ ግቡ ቢባሉ አይገቡም፣ ተቀመጡ ቢባሉ አይቀመጡም፣ የሚፈልጉትን መልስ ካላገኙ። የሽማግሌ ወጉ ይሄ ነው። ሌላም ወግ አላቸው፤ የሰሙትን ክፉ ቃል እንዳለ አያደርሱም። መንገድ ላይ ያለሰልሱታል።

አባቴ "መጥቶ እግሬ ላይ ይውደቅ" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከሰዓት አጎቴ ቤት ስሄድ ሐጂው "ወላሂ ልቡ ራርቷል፤ ከአንተ የሚፈልገው አንድ ቃል ነው" እያሉት ደረስኩ። አጎቴ ደግሞ "በዓይኔ እንዳላየው" አለ። ይሄም እኛ ቤት ሲደርስ "ናፍቀኸዋል፤ እንዳይመጣ አፍሮ ነው" ሆነ። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ምን ልበል? የሁለት ሽማግሌ ቃል ሐሰት ነው ልል ነው?

የገና በዓል አልፎ ቅዳሜ ቀን ተቀጠረ። አባቴ ማለዳ ፍየል አረደ። እናቴ ወጡን ሠራች፤ የክርስቲያን ሥጋ ለማይበሉት ለሐጂው እንቁላል ተቀቅሎ ለብቻ ተቀመጠ። አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ በር በሩን ማየት ጀመረ። ረፋዱ አለፈ፣ እኩለ ቀን ሆነ። ከማሳው ማዶ፣ አጎቴ ቤትም ጭስ ይታያል። ወጣ ብዬ ሳይ አጎቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ማንጎው ሥር ተቀምጦ ወደ እኛ ቤት ያያል። የታረደ ፍየል ቆዳ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል።

ሽማግሌዎቹ ቦዩ ላይ ቆመው ይነጋገራሉ፤ ወደ እኛም ወደ እሱም አይመጡም። አባቴ ቢጠራቸው ጊዜ አንገታቸውን ደፍተው መጡ።

"የታለ?" አላቸው።

"እየጠበቀህ ነው" አሉ የእድር ዳኛው።

"እኔ እኮ ነኝ የምጠብቀው። ይመጣል አላላችሁኝም?"

"ለእሱም እንደዚያው ነው ያልነው" አሉ ሐጂው። "ሁለታችሁም ይመጣል ከተባላችሁ፣ አንዳችሁ ደስ ብሏችሁ ቀድማችሁ ትነሳላችሁ ብለን ነው።"

አባቴ "ናፍቆኛል፣ አፍሬያለሁ ያለውስ?" ሲል ጠየቀ።

"አላለም።"

"ምን አለ?"

የእድር ዳኛው መሬት መሬት እያዩ "በዓይኔ እንዳላየው ነው ያለው" አሉት።

እናቴ የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች። "ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሲታረቁ የከረሙት እነማን ናቸው?" አለች። እኔ በጣም ተናደድኩ፤ ለእርቅ ያለቀውን ፍየልም፣ ያለቀውንም ጊዜ፣ የቆምኩበትንም ወግ ጠላሁት። ማንም ሳይጠይቀኝ ተናገርኩ።

"አጎቴ እኔን ባየኝ ቁጥር የሚለኝ አንድ ነገር ነው" አልኩ። "'ውሃውስ ውሃ ነው፤ ልጄ ያን ቀን ምን ሆና እንደነበር ግን አባትሽ እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም' ነው የሚለኝ።"

አባቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። "ይሄን ነግሯችኋል?"

"ነግሮን ነበር" አሉ ሐጂው። "ስለ ውሃው ስንጨነቅ ትንሽ ነገር መስሎን ተውነው።"

አባቴ ተነስቶ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ሊከተሉት ሲሉ በእጁ ከለከላቸው፤ እኔን ግን ምንም አላለኝም፣ ተከተልኩት። ቦዩን ተሻገረ፤ በአጎቴ የሽንኩርት መደብ ዳር ዳር አልፎ ማንጎው ሥር ደረሰ። ሰላምታ የለ፣ እግር ላይ መውደቅ የለ። እንደቆመ፣

"ልጅቷ ያን ቀን ምን ሆና ነበር?" አለው።

አጎቴ ቀና ብሎ አየው።

"ወባ" አለ። "ሌሊቱን ሲያንቀጠቅጣት አደረ። ሲነጋ ተሸክሜያት እስከ አስፋልቱ ሄድኩ።"

"ብቻህን?"

"ማን ነበረኝ?"

አባቴ ከአጎቴ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አጎቴ ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ፤ ሁለቱም የማንን እንደሆነ እንጃ አንድ የሽንኩርት መደብ ሲያዩ ቆዩ።

ያቺው ልጅ፣ አሁን ቁመቷ እኔን ሊደርስ የቀረበ፣ የእጅ ውሃ ይዛ መጣች። አባቴ እጁን ለመታጠብ ዘረጋና መልሶ ተወው። በዚያው እጁ ግንባሯን ዳሰሳት፤ አገላብጦ በመዳፉም በእጁ ጀርባም ዳሰሳት፣ ትኩሳቷን እንደሚፈልግ ሰው።

"ድናለች እኮ" አለው አጎቴ።