አባዬ የሚያመው ቤት ሲገባ ብቻ ነው

ዛሬ አባዬ ሜክሲኮ ካለ አንድ የጤና ኢንሹራንስ ቢሮ ከስኳሩም ከግፊቱም ከጉልበቱም ድኖ ወጣ። ሐኪም ሳይነካው!

የድሮው ኢንሹራንሱ የስኳር መድኃኒት አልሸፍንም ስላለ ልንቀይርለት ነበር የሄድነው። አዲሶቹ ነባር በሽታም ይሸፍናሉ፤ ግን ሲመዘገብ ያልተነገራቸውን በሽታ ኋላ አይሸፍኑም።

የምትመዘግበው ነርስ ጠየቀችው፦ "አባባ፣ ስኳር አለብዎት?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።"

"ግፊትስ?"

"አልሐምዱሊላህ።"

"ጉልበትዎን አያምዎትም?"

"ኧረ ምንም! አንቺስ ደህና ነሽ? ቤተሰብ ደህና?"

የሚመረመረው ማን እንደሆነ ለመለየት ተቸገርኩ።

"አባዬ፣ ጠዋት ኢንሱሊን የተወጋው ማነው ታዲያ?" አልኩት በሽቄ።

ወደ ነርሷ ጠጋ ብሎ "ልጄ ነገር ያከብዳል፤ ይልቅ እሱን እይልኝ" አላት።

ለካችኝ። ግፊቴ ጣሪያ ነክቷል።

ሰፈራችን አብነት ደርሰን ከታክሲ ስንወርድ "ወይኔ ጉልበቴን!" ብሎ ትከሻዬ ላይ ተንጠለጠለ።

"እዚያ ለምን አልተናገርክም?"

"ደህና ነህ ወይ ብላ ለጠየቀችኝ የሰው ልጅ፣ ገና ሳንተዋወቅ ስሞታ ልጀምርላት?"

ነርሷ ሁለታችንንም ለነገ ቀጥራናለች። እሱ ለስኳሩ፣ እኔ ለግፊቴ።

የእናንተ ወላጆችስ ነርስ ፊት ሲቀርቡ ከምን ከምን በሽታ ይድናሉ?