በሌላ እጅ የተጻፈ ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ጎጆ ከምትባለው ከተማ አንድ ጆንያ ድንች አመጣልኝ። የጆንያውን አፍ ስፈታው ያ ቀዝቃዛ የደጋ አፈር ሽታ ፊቴን መታኝና ካለሁበት ቁጭ አልኩ። የሃያ ሦስት ዓመት ሴት ሆኜ ባሌን እጅ ከፍንጅ ልይዝ የሄድኩበት ቅዳሜ ትዝ አለኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። የምንኖረው አምቦ ነበር፤ እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ባለቤቴ የእርሻ ባለሙያ ነው። በተጋባን በስምንተኛው ወር የደጋ ገብስ ዓይነቶችን እንዲያጠና ጎጆ ላኩት። መጀመሪያ ላይ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣ ነበር። ኋላ "ሥራ በዛ" አለና ቀረ፤ በእሱ ፈንታ በሾፌር እጅ ደብዳቤ ይደርሰኝ ጀመር።

ነገሩን ያመጡት እነዚያ ደብዳቤዎች ናቸው። የባለቤቴ ጽሕፈት ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው። የመጡልኝ ግን ፊደላቸው ክብ ክብ ያለ፣ መስመር የጠበቀ፣ የሴት እጅ መሆኑ የሚያስታውቅ ነበር። ቃሉም ቃሉ አይደለም። "ደህና ነሽ ወይ" ከማለት በቀር ከአፉ ወሬ የማይወጣው ሰው፣ "የጎጆ ብርድ ይለመዳል፤ ያንቺ ናፍቆት ግን አልለመድ አለኝ" ብሎ ጻፈልኝ። ሌላዋ ብትሆን ደስ ይላት ነበር። እኔ ግን፣ ቃል የሚያሳምር በደል ያለበት ሰው ነው አልኩ።

ቅዳሜ የግማሽ ቀን ሥራዬን ጨርሼ ለማንም ሳልናገር በአውቶቡስ ጊንጪ ሄድኩ። ከዚያ ወደ ጎጆ በሚወጣ የጭነት መኪና ጋቢና ተሳፈርኩ። የጭልሞን ጫካ ስናልፍ የጽድ ሽታ በመስኮቱ ይገባ ነበር።

"ጎጆ ማን አለሽ?" አለኝ ሾፌሩ።

"ዘመድ።"

"የገብሱ ሰውዬ ዘመድ እንዳትሆኚ" ብሎ ሳቀ። "እሱማ ቤተኛ ሆኗል፤ ከእንግዲህ የሚመለስም አይመስለኝ።"

ከዚያ በኋላ መንገዱ ያንገጫግጨን አያንገጫግጨን አላውቅም። የምናገረውን በልቤ ስደረድር ደረስን።

ጉም ወርዶ ነበር። የተከራየበትን ቤት ጠይቄ አገኘሁ። ወፍራም ጋቢ የደረበች ሴትዮ በር ላይ ቆማ "አካም ጂርታ" አለችኝ። ሰላምታዋን መልሼ እሱን ጠየቅኳት።

"ኢንጂሩ፣ የለም። ከልጄ ጋር ማሳ ወርደዋል። አንቺስ ምኑ ነሽ?"

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ "እህቱ ነኝ" አልኳት።

ፊቷ ፈታ አለ። "ልጄ ከባሏ ተፋትታ ከአዲስ አበባ ከመጣች ወዲህ ቤቱ ሞቀልን። ወንድምሽ ያለ እሷ አንድ እርምጃ አይሄድም።"

ወደ ማሳው ወረድኩ፤ አጥሩ ጋ ስደርስ አየኋቸው። ገብሱ መሃል ጎን ለጎን ቆመዋል። እሷ በኔ ዕድሜ ያለች ቀጭን ሴት ናት፤ ደብተር ይዛለች። እሱ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር ይላታል። ቀና አለና በቀጥታ አየኝ። በመካከላችን ሃያ እርምጃ አይሞላም። ከዚያ ምንም እንዳላየ ሰው ፊቱን መልሶ ንግግሩን ቀጠለ።

እንደዚያች ቅጽበት የተዋረድኩበት ጊዜ የለም። አጥሩን አልፌ ገባሁ።

"እንግዲህ አታውቀኝም ማለት ነው" አልኩት።

ድምፄን ሲሰማ ደነገጠ። እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳለትን ገብስ እየረገጠ መጣ። "አንቺ ነሽ?" አለ። ፊቴን በመዳፉ ዳሰሰኝ። "አንቺ ነሽ?"

ቀጭኗ ሴት ደብተሩን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "'ለባለቤትዎ ይንገሯቸው' እያልኩ ለምኛቸው ነበር፤ እምቢ አሉኝ" አለችኝ። አንቱ ነው የምትለው። ትንፋሼ መጀመሪያ የተመለሰው ይህን ስሰማ ነው፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ።

ዓይኑ ነበር። ዳር ዳሩን ያያል፣ መሃሉ ነው የጠፋበት። "ቀጥ ብዬ የማየውን ነገር ጭጋግ ይበላብኛል" አለኝ። ፊደል ማንበብ ካቃተው ሁለት ወር አልፎታል። የገብሱን ዛላ በጣቱ እየዳሰሰ ይነግራታል፣ እሷ ትጽፋለች። መሥሪያ ቤቱ ካወቀ ጥናቱን ይነጥቀኛል ብሎ ደበቀ።

"እኔንስ?" አልኩት።

"ገና ሙሽራ ነሽ። ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ" አለ።

እራት ላይ አከራይዋ እሱንና እኔን አፈራርቃ አየችና፣ "እህቱ ነኝ አላልሽም እንዴ?" አለችኝ። የምገባበት ጠፋኝ። እሱ ብቻ ከት ብሎ ሳቀ።

ሰብሉ እስኪሰበሰብ ሦስት ሳምንት እንድሰጠው ለመነኝ፣ እሺ አልኩት። ኋላ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ አልተቻለም። ጥናቱም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት አብረን ኖርን፣ ጋዜጣ አነብለት ነበር። ደግ ሰው ነበር፤ ግን ያን ዓይነት የናፍቆት ቃል ከአፉ ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም። የሱ ይሁን የዚያች ሴት ልጠይቀው ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁ። ካረፈ አምስት ዓመቱ ነው። ልቤ ዛሬም አልጠራም።

ያኔ በማግስቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ እሱና ያቺ ሴት ሊሸኙኝ ወጡ። ሁለት የጭነት መኪኖች ተከታትለው ቆመዋል፤ እኔ ከኋለኛው ገባሁ። ሞተር ሲነሣ እሱ ፈገግ ብሎ እጁን አነሣና ለፊተኛው መኪና ማውለብለብ ጀመረ። ብጠራው የሞተሩ ጩኸት ድምፄን ዋጠው። ያቺ ሴት ቀረብ ብላ ክንዱን ያዘችው፤ ቀስ አድርጋም ወደ እኔ አዞረችው።